ባዶ ቤት የሚያምረው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ ከእናቴ ጋር የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሐይቁ ዳር ባሠራችው አዲስ ቤቷ ጋብዛኝ ሄጄ ነበር። ሳሎኗ ውስጥ ከአንድ ሶፋ፣ ከአንድ ምንጣፍና ከአንድ የአበባ ማስቀመጫ በስተቀር ምንም የለም። «ሚኒማሊስት ሆኛለሁ» አለችኝ፣ በጥቂት ዕቃ ብቻ መኖርን መርጫለሁ ማለቷ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ። በእኛ ቤት ግን ቡፌው በሲኒና በብርጭቆ ታጭቋል፣ አልጋ ሥር ድስትና ትሪ ተደርድሯል፣ ጓዳው ደግሞ ጀሪካን ብቻ ነው። ግማሹን ላስወግድ ብዬ ብነሳ እናቴ «ዕቃቸውን ሸጠው በሉ ልታሰኚን ነው?» ብላ አኮረፈችኝ። የባልደረባዬ ባዶ ሳሎን ሥልጣኔ፣ የእኛ ቢሆን ድህነት የሚባለው ለምንድን ነው? ዕቃውንስ ልቀንስ ወይስ ልተወው?
ሰ. ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጀመሪያውን ጥያቄዎን እናትዎ ገና ሳይጠየቁ መልሰውታል። በእኛ አገር ሰው ክፉ ቀን ሲገጥመው ቀድሞ ከቤቱ የሚወጣው ዕቃው ነው፤ ቴሌቪዥኑ፣ ቁም ሳጥኑ፣ አልፎ ተርፎም የእናት ቅርስ የሆነው የብር ጌጥ ይሸጣል፤ ጎረቤትም የቤተሰቡን ችግር የሚያውቀው ከዚሁ ነው። ባልደረባዎን ግን፣ ግቢዋ ውስጥ መኪናዋ ቆሞ እየታየ፣ ሸጣ በላች የሚላት የለም። እሷ ዕቃ ያልያዘችው መያዝ ስለማያስፈልጋት መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል።

ነገሩን ቀረብ ብለን ብናየው ባልደረባዎም ጎተራ አላት፤ ጎተራዋ ሳሎን ውስጥ ስላልሆነ ብቻ አይታይም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የእናትዎ ጀሪካንና የባልደረባዎ ሮቶ ሥራቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ጓዳ ሲያጣብብ ሌላው ከጣሪያ በላይ ተቀምጦ ይረሳል። መብራት ሲጠፋ እናትዎ ከሰል ምድጃ ያወጣሉ፣ እዚያ ጄኔሬተር ይነሳል። ድንገት እንግዳ ቢመጣ እናትዎ ከቡፌው ሲኒ ይቀንሳሉ፣ ባልደረባዎ እንግዶቿን ሆቴል ይዛ ትወጣለች። የባንክ ደብተርም ቢሆን አቧራ የማይቀመጥበት ቁም ሳጥን ነው።

ስለ እህል ካነሳን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አቅም ያለው ሰው አዝመራው ገብቶ ዋጋ ረገብ ሲል ጤፉን በኩንታል ያስገባል፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ክረምቱን በኪሎ ይሸምታል፣ ለአንዱ ኪሎ የሚከፍለውም ከባለ ኩንታሉ ይበልጣል። ቤቱ ውስጥ ከዕለት ጉርሱ ያለፈ ምንም ነገር የሌለው ይህ ሰው ነው፤ ሚኒማሊስት ብሎ የጠራው ግን አልሰማሁም።

ሚኒማሊስትነት የሚባለው አኗኗር በስፋት የተወራው ከ2008 (እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ቀውስ በኋላ በአሜሪካ ነው። ቤታቸውን በብድር ገዝተው በዕቃ የሞሉ ሰዎች ዕዳውም ዕቃውም አንገሸገሻቸው፤ መሰላቸታቸውም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን እዚያ የጣሉትን ዕቃ በማግስቱ በርካሽ መልሶ መግዛት ይቻላል። እዚህ ቆራሌው በር ላይ ለድስትዎ የሚሰጥዎትን ዋጋና ያንኑ ድስት መልሰው ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ የሚጠየቁትን እስቲ ያነጻጽሩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም አብሮ ተሰቅሏል። በዚህ ዘመን ዕቃ ይዞ የቆየ ሰው ብር ይዞ ከቆየው የተሻለ ሆኖ ቢገኝ አይገርምም። እናትዎ የምጣኔ ሀብት ትምህርት ባይቀስሙም ይህን ከኑሮ ተምረውታል።

«የጣና መነኮሳትስ ያለ ጥሪት ይኖሩ የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በእርግጥ የአንድነት ሥርዓት በጸናበት ገዳም መነኩሴው የግሌ የሚለው ንብረት የለውም። ሆኖም ማኅበሩ እርሻ፣ መጋቢ፣ ዕቃ ቤትና የጋራ ማዕድ አለው፤ ቢታመም የሚያስታምመው፣ ቢያረጅ የሚጦረው ማኅበሩ ነው። እንዲያውም ምንም የላቸውም የምንላቸው የጣና ደሴቶች የአገር ግምጃ ቤት ሆነው ኖረዋል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ንዋየ ቅድሳት የተሸሸገው ወደዚያ ነበር፣ ዳጋ እስጢፋኖስም አፄ ፋሲልን ጨምሮ የነገሥታትን አፅም ጠብቆ ይዟል። መነኩሴው ባዶ እጁን መኖር የቻለው ከጀርባው ይህን የመሰለ ማኅበር ስላለው ነው።

ለእኛ ለዓለማውያኑ ለዚህ የሚቀርበው እድር ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆው የአባላቱ ሁሉ ንብረት በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ለሚገጥመው ነገር የመቶ ሰው ዕቃ ማከማቸት አይጠበቅበትም። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የእድራችሁ ዕቃ ቤት ውስጥ ምን እንዳለና ለአባል በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። እዚያ የሚገኘው ሁሉ ከአልጋችሁ ሥር ሊወጣ ይችላል። ጀሪካኑንና የከሰል ምድጃውን ለጊዜው አይንኩ። ቡፌው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለእንግዳ ተብሎ ተገዝቶ እንግዳም ቤተሰብም የማይጠጣበት ብርጭቆ ለክፉ ቀን አይሆንም፤ ሥራው ለጎረቤት መታየት ብቻ ነው። እሱን በየሳምንቱ እያወረደች የምታጥበው ሴት መድከሟን ደግሞ አቅልዬ አላየውም፤ ቅሬታዎ የመነጨው ከዚህ ከሆነ ፍርዴ ለእርስዎ ነው።

የእናትዎን ሥጋት በተመለከተ፣ ዕቃው ለቆራሌው አይሰጥ፣ በር ላይም አይሸጥ። ጥር ሲመጣ ከዘመዶቻችሁ መካከል ጎጆ የሚወጣ አይጠፋም፤ ብርጭቆውንና ትሪውን እናትዎ ራሳቸው መርጠው፣ አሳጥበውና ጠቅልለው ለሙሽሮቹ መቋቋሚያ ይስጡ። ለዘመድ ጎጆ መውጫ የሰጠን ቤተሰብ ሸጦ በላ ብሎ የሚያማ ጎረቤት አይኖርም፤ የትኛው ዕቃ ወጥቶ የትኛው እንደሚቀር የመወሰኑም ሥልጣን ለባለቤቷ ለእናትዎ ይሁን።