ድድ የሸፈነውን ኢምፕላንት ለማግኘት

ዶክተር፣ አዳማ ላይ የገጠመዎት ጉዳይ እኛም ሐዋሳ ውስጥ ደጋግመን የምናየው ነው። ታካሚዋ ኢምፕላንቱን (በጎደለ ጥርስ ምትክ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከለውን የቲታኒየም ብሎን) ሌላ ቦታ አስተክላ እርስዎ ዘንድ ልታስጨርስ መጥታለች፤ ድዱ ግን ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ቦታው አይታይም። «ሰፋ አድርጌ ገልጬ ብፈልገውስ?» ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ አያድርጉት። በፍለጋ የሚጎዳው ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀው ጠንካራ ድድ ነው፤ ኢምፕላንቱ ወደፊት ያለ እሱ ጥበቃ ይቸገራል።

መጀመሪያ የተከለውን ሐኪም ያስጠይቁ። የኢምፕላንቱ ዓይነት ካልታወቀ፣ አናቱን የሚዘጋው ባለ ብሎን ክዳን ቢገኝ እንኳ የሚገጥም ብሎን መፍቻ መፈለግ ሌላ ጣጣ ነው። ሲተከል ያገለገለው የፕላስቲክ መምሪያ ካልተጣለማ ተገላገሉ፤ አፏ ውስጥ አስገብተው በቀዳዳው በኩል ድዱ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ሁለቱም ከሌሉ ትንሿን የጥርስ ራጅ ያንሱ። ከጎን ካለው ጥርስ እስከ ኢምፕላንቱ መሃል ያለውን ርቀት ይለኩ። የዚያኑ ጥርስ ስፋት በራጁም በአፏም ለክተው ካነጻጸሩ ራጁ ምን ያህል እንዳጎላው ያውቃሉ። መንጋጋውን በሙሉ የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ምስሉን ስለሚያጎላ ሚሊ ሜትሩን እንዳለ አይመኑት። ሁለቱም ራጆች ኢምፕላንቱ ወደ ጉንጭ ይጠጋ ወደ ምላስ አይነግሩዎትም፤ አጠገቡ ጥርስ ከሌለ በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው የጥርስ ሲቲ ስካን ወጪው ይገባዋል።

ከዚያ ካደነዘዙ በኋላ በቀጭን መመርመሪያ ድዱን ወግተው ይዳስሱ። ብረቱ ለስላሳና ድርቅ ያለ ነው፤ አጥንት ሻካራ ነው። አጥንት ክዳኑ ላይ በቅሎ ከሆነ ግን እጅዎ ሊያሳስትዎት ይችላል። ማግኔት አይሞክሩ፣ ቲታኒየም አይሳብም። ብረት ሲቀርበው የሚጮህ መፈለጊያ መሣሪያ አለ፤ በቅርብ የብረት ሽፋን ያለው ጥርስ ካለ ለዚያም ስለሚጮህ ይጠንቀቁ።

ድዱን በክብ መቁረጫ መብሳት የሚገባው ቦታው በእርግጥ ሲታወቅና ጠንካራው ድድ በቂ ሲሆን ብቻ ነው። አለበለዚያ ከመሃል ትንሽ ወደ ምላስ በኩል አጭር መስመር ቆርጠው ጠንካራውን ድድ ወደ ጉንጭ ይግፉት።

በዚያ አጭር ቁርጥ ውስጥ ካጡት አያስፋፉት። ቁራጭ ሽቦ ቦታው ላይ በደንብ አስይዘው ሌላ ራጅ ያንሱ፤ ኢምፕላንቱ ከሽቦው በየትኛው ጎን እንዳለና ምን ያህል እንደሚርቅ ምስሉ ላይ ያዩታል።