ፍልስፍናን በምን መጽሐፍ ልጀምር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን ሥራዬ የሂሳብ ሠራተኝነት ነው። ፍልስፍና በትምህርት ቤት አልተማርሁም። አምና ደሴ ፒያሳ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የበርትራንድ ራስልን «የምዕራባውያን ፍልስፍና ታሪክ» ገዝቼ ነበር፤ ከግሪኮቹ ሳልወጣ ተውሁት። አንድ ወዳጄ ደግሞ የአገራችንን «ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ» አስቀድሜ እንዳነብ ይመክረኛል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ መጽሐፉን መተውዎ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ1945 የታተመው ይህ ሥራ ከ800 ገጽ በላይ ያለው ሲሆን፣ የአንዱን ፈላስፋ ሐሳብ በቅጡ ሳይጨብጡ ሌላው ስለሚከተል ጀማሪ አንባቢ ስምና አቋም ይሸመድዳል እንጂ ራሱ ሲከራከር አይገኝም። ከታሪኩ በፊት አንድ ሙግት ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚታይበት አጭር ሥራ ይቅደም እንላለን። (የፈላስፎች ጥቅስ ስብስብማ ይቅርብዎ፤ መደምደሚያ እንጂ ምክንያት የለበትም።)

ለጅማሬ ከግሪካዊው ፈላስፋ ከፕላቶ «ክሪቶ» የሚሻል አናውቅም፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት አቴናውያን ሶቅራጥስን ሞት ፈርደውበት እስር ቤት ሳለ፣ የቆየ ወዳጁ ክሪቶ ሊነጋጋ ሲል ይገባና ለማምለጫው ገንዘብ መዘጋጀቱን፣ በሰሜን ግሪክ ባለችው በቴሳሊም የሚቀበሉት ሰዎች እንዳሉ ይነግረዋል። ክሪቶ የሚያቀርበው ምክንያት ማንኛችንም ለታሰረ ወዳጅ የምንለው ነው፦ ገንዘቡን ሰስቶ ነው ያላዳነው ብሎ ሰው ያማኛል፤ ልጆችህንስ ማን ያሳድጋቸው? ሶቅራጥስ ግን የሰውን ወሬ ወደ ጎን ትቶ፣ የበደለንን መልሶ መበደል ተገቢ ነው ወይ በሚለው ላይ ይቆማል። ቀጥሎም የከተማይቱ ሕግጋት በአካል ቀርበው ሲሞግቱት ያሰማናል፤ ካልተስማማንህ ሰባ ዓመት ሙሉ መሄድ ስትችል ለምን ቆየህ ይሉታል። ክሪቶ በእኛ ግምት ቶሎ ይሸነፋል። እርስዎ እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግተው፣ ፍርዱ ራሱ የተዛባ ቢሆንስ ብለው ለሕግጋቱ መልስ ይፈልጉ።

ሁለተኛው የዚያው የራስል ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ያሳተመው «የፍልስፍና ችግሮች» ስስ ነው፤ 15 አጫጭር ምዕራፎች አሉት። የሚጀምረው ከፊቱ ካለው ጠረጴዛ ነው፦ ቀለሙ እንደ ብርሃኑና እንደ ተመልካቹ ቦታ ከተለዋወጠ እውነተኛው ቀለም የትኛው ነው? እንግሊዝኛው ግልጽ ስለሆነ መዝገበ ቃላት አጠገብዎ ካለ አይከብድዎትም።

የወዳጅዎ ምክር መልካም ነው፤ ሐተታውን ግን ሦስተኛ ቢያደርጉት ይሻላል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከስደት ሸሽቶ በዋሻ የተቀመጠ ሊቅ፣ ሁሉም የኔ ሃይማኖት ትክክል ነው ካለ ፈራጁ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤት በሚዛመዱበት ወሎ ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። የድርሰቱ ባለቤትነት አከራካሪ መሆኑንም ይወቁ። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ጽሑፉን ወደ አውሮፓ የላከው ጣሊያናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ሲሉ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር የዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው ተሟግተዋል፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። መጀመሪያ ሙግቱን ይመርምሩ፤ የደራሲውን ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሱበታል።

«ክሪቶ» ብዙ ጊዜ ሶቅራጥስ በችሎት ካቀረበው መከላከያ («አፖሎጂ») ጋር በአንድ ጥራዝ ስለሚታተም፣ ደሴ ሲወጡ ሻጮቹን በሁለቱም ስም ይጠይቁ።