ክፍሉን ሳታጨልሙ ፕሮጀክተር አትግዙ

ሰሞኑን ስለ ቤት ሲኒማ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በዝተዋል። የአብዛኞቻችሁ በጀት ጠባብ ነው። አንዴ ከተሳሳታችሁ ሌላ ለመግዛት ዓመታት ልትጠብቁ ነው። ስለዚህ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። እኔና ባለቤቴ ፊልም እንወዳለን፤ ቤታችን ውስጥ በትልቁ ማየት አማረን። አንድ ፕሮጀክተር አይቻለሁ፤ ካርቶኑ ላይ 9,000 ሉመን፣ ፉል ኤችዲ ይደግፋል ይላል። ዋጋው የሌሎቹን ሩብ እንኳ አይሞላም። 120 ኢንች ስክሪንም አብሮ ይሰጣል። ልግዛው?

መልስ፦ አትግዛው ወንድሜ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ፤ ነገ ሌላ ካርቶን ታያለህ፣ እሱም ላይ እንዲሁ ትልቅ ቁጥር ይጠብቅሃል።

ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። አንተን የሚመለከትህ ከሌንሱ የሚወጣው ብርሃን ነው። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ሁልጊዜ እሱ አይደለም። አንዳንዱ አምራች ውስጥ ያለውን መብራት ለብቻው ለክቶ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ሳይለካ ደስ ያለውን ይጽፋል። የሚታመነው "አንሲ ሉመን" ወይም "አይኤስኦ ሉመን" ተብሎ ሲጻፍ ነው። በአንሲ አለካክ ነጭ ምስል ስክሪን ላይ ይጣልና ዘጠኝ ቦታ ላይ ይለካል፣ ከዚያ አማካዩ ይወሰዳል። በሺዎች የሚቆጠር ሉመን የተጻፈባቸው በጣም ርካሽ ፕሮጀክተሮች በትክክል ሲለኩ 200 ወይም 300 ላይ መውረዳቸው የተለመደ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፣ ቀላል ነው። ሲኒማ ቤቶች የሚከተሉት መለኪያ ስክሪኑ ላይ 48 ኒት ገደማ ድምቀት እንዲኖር ነው፤ ኒት ከስክሪኑ የሚታየው ድምቀት መለኪያ ነው። ያንተን ለማወቅ ሉመኑን ለስክሪኑ ስፋት በካሬ ሜትር ታካፍላለህ፣ የመጣውን ደግሞ ለ3.14 ታካፍላለህ። ኢንቹ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ የሚለካ ነው፤ 100 ኢንች ስክሪን ወርዱ 2.21 ሜትር፣ ቁመቱ 1.25 ሜትር ነው፤ 2.76 ካሬ ሜትር ማለት ነው። እዚህ ላይ 48 ኒት ለማግኘት 420 እውነተኛ ሉመን ገደማ ያስፈልጋል። ለ120 ኢንች 600 ገደማ ይሆናል። ያ ካርቶን የያዘው እውነተኛ 200 ሉመን ቢሆን 120 ኢንች ላይ 16 ኒት ብቻ ነው የሚሰጥህ። በትክክል የሚችለው 70 ኢንች ገደማ ነው፣ እሱም ድቅድቅ ባለ ክፍል ውስጥ።

ልብ በል፣ ይህ ሒሳብ ትንሹን ነው የሚነግርህ። ደህና ቀለም የሚሰጠውን የፊልም ሁነታ ስትመርጥ ብርሃኑ ይቀንሳል። አምፖል ያለው ከሆነ ደግሞ በዕድሜ ይደክማል። ስለዚህ ሒሳቡ ከሚነግርህ ቢያንስ እጥፍ ያለውን ፈልግ። ለጨለማ ክፍልና ለ100 ኢንች ከ800 እስከ 1,000 አንሲ ሉመን ብታገኝ በቂህ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ "ይደግፋል" የምትለዋ ቃል ናት። ፉል ኤችዲ ይደግፋል ማለት የፉል ኤችዲ ፊልም ስትሰጠው ተቀብሎ ያሳይሃል ማለት ብቻ ነው። የሚያሳይህ ግን በራሱ ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ቁጥር አሳንሶ ነው። የምትጠይቀው "ኔቲቭ ሪዞሉሽኑ ስንት ነው?" ብለህ ነው። ፉል ኤችዲ 1920 በ1080 ሲሆን ወደ 2 ሚሊዮን ፒክስል ይመጣል። ከርካሾቹ ብዙዎቹ 854 በ480 ናቸው፤ አንድ አምስተኛው መሆኑ ነው። 100 ኢንች ላይ ስታየው የፊልሙን የግርጌ ጽሑፍ ጠርዝ ስታይ ወዲያው ይገባሃል። ሻጩ ኔቲቩን መናገር ካልቻለ ወይም ካልፈለገ ሌላ ቦታ ሂድ።

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ አብሮ የሚሰጠውን ስክሪን እርሱት። ያላችሁን በሙሉ ፕሮጀክተሩ ላይ አውሉት። ስክሪን በኋላም ይደርሳል፤ እንዴት እንደሆነ ዝቅ ብዬ ለሌላ ጠያቂ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሳሎናችን ሰፊ መስኮት አለው፤ ግድግዳውም ኮርኒሱም ነጭ ነው። ልጆቼ ቀን ቀን ካርቱን ያያሉ፣ እኛ ማታ ፊልም። ብርሃን የሚቋቋም ግራጫ ስክሪን አለ ሲሉ ሰማሁ። እሱን ልግዛ ወይስ ብርቱ ፕሮጀክተር?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለቱም በፊት አንድ ነገር ሞክሪ። ግድግዳው ላይ ነጭ ወረቀት ወይም አንሶላ ስቀዪ። ልጆችሽ ካርቱን በሚያዩበት ሰዓት ሶፋው ላይ ተቀመጪና ያንን አንሶላ እዪው። ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን የለውም። ጥቁር ማሳየት ሲፈልግ ማድረግ የሚችለው ብርሃኑን መያዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ አንሶላ አሁን የሚታይሽ መልክ፣ የምትገዢው ፕሮጀክተር ምንም ውድ ቢሆን፣ ፊልሙ ውስጥ የምታገኚው ከሁሉ የጠቆረ ጥቁር ነው። አንሶላው ነጭ ሆኖ ከታየሽ የፊልሙ ሌሊትም ነጭ ነው የሚሆነው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ዋናው አገልግሎቱ ቀን ከሆነና መስኮቱን መጋረድ ካልቻላችሁ በዚያው ገንዘብ ደህና ቴሌቪዥን ግዙ። ይህን ስል ፕሮጀክተር ጠልቼ አይደለም፤ እኔ ራሴ በጣም ነው የምወደው፤ ግን ገንዘብሽ ባክኖ ስታዝኚ ማየት አልፈልግም።

መጋረድ የምትችሉ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ ግዢ፣ ከመስኮቱ ጠርዝ በሁሉም በኩል ቢያንስ አንድ ስንዝር ይለፍ፤ ብርሃን የሚሾልከው በጎን ነው። ቀጥሎ ነጭ ግድግዳውና ኮርኒሱ አሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው እዚህ ላይ ነው። ምስሉ ራሱ ክፍሉን ያበራል፣ ያ ብርሃን ከነጭ ኮርኒስ ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ያርፋል፣ ጥቁሩንም ግራጫ ያደርገዋል። እኔ የመጀመሪያ ፕሮጀክተሬን ስገዛ ሳሎናችን ነጭ በነጭ ነበር። ምስሉ ፈዞብኝ ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከትቼው ነበር። አንድ ማታ ግን ሁለት ጥቁር ሰማያዊ ብርድ ልብስ ከምስሉ ግራና ቀኝ፣ አንድ ደግሞ ከላይ ኮርኒሱ ላይ ሰቅዬ እንደገና አበራሁት። ያው ዕቃ፣ ያው ፊልም ነው፤ ጨለማ ውስጥ የቆመው ሰውዬ የኮቱ እጥፋት ሳይቀር ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠይቀኝ ከፕሮጀክተር በፊት ስለ ክፍሉ ነው የምጠይቀው። የምትሰቅሉት ጨርቅ የማያብለጨልጭ ይሁን፣ ከምስሉ አንድ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ቢሸፍን ይበቃል።

ብርሃን የሚቋቋም የሚባለው ስክሪን እውነት ይሠራል፤ ከጎንና ከላይ የሚመጣውን ብርሃን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመልሳል። ግን ጥሩው ውድ ነው፣ በጎን ለተቀመጠ ሰውም ምስሉ ይደበዝዛል። ዝም ብሎ ግራጫ ቀለም ያለው ስክሪን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ጥቁሩን ያጠቁራል፣ ነጩንም አብሮ ይቀንሳል። ደካማ ፕሮጀክተር ላይ ባትጨምሪው እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ርዝመቱ 3.20 ሜትር ነው። 120 ኢንች ይሆንልኛል? ስክሪን ሳልገዛ ግድግዳው ላይ ባየው ምን እጎዳለሁ?

መልስ፦ 120 እርሳው። ከፕሮጀክተሩ መግለጫ ላይ "ትሮው ሬሾ" የሚል ቁጥር ፈልግ። ፕሮጀክተሩ ከስክሪኑ ያለውን ርቀት ለቁጥሩ ስታካፍል የምስሉን ወርድ ታገኛለህ። ከ3.20 ላይ ለፕሮጀክተሩ አካል፣ ለኬብሉና ለአየር መውጫው 40 ሴንቲ ሜትር ቀንስ፤ 2.80 ይቀርሃል። ቁጥሩ 1.2 ከሆነ ወርዱ 2.33 ሜትር ይመጣል፣ 105 ኢንች ነው። 1.5 ከሆነ ወርዱ 1.87 ሜትር፣ 84 ኢንች ነው። ደግሞ 84 አነሰ አትበል። 2.60 ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠህ 84 ኢንች ስታይ ምስሉ ከእይታህ 40 ዲግሪ ገደማ ይይዛል፤ ይህ ሲኒማ ቤት መሃል ረድፍ ላይ እንደመቀመጥ ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ ፊልሙን ለመከታተል አንገትህን ታዞራለህ።

ምስሉን ቀጥ ለማድረግ ደግሞ "ኪስቶን" በሚባለው ማስተካከያ አትመካ። ምስሉን በኤሌክትሮኒክስ ያጣምመዋል፣ በዚያው ልክ ፒክስልና ብርሃን ያባክናል። ፕሮጀክተሩን ከስክሪኑ ፊት ለፊት ቀጥ አድርገህ አስቀምጥ፤ ውሃ ልክ ካለህ ተጠቀምበት።

ግድግዳ ጥሩ ጅማሬ ነው፣ እኔም የምመክርህ እሱን ነው። አንድ ወር በግድግዳ እይ። በፕላስተር የተለያየ መጠን ምልክት አድርግና የሚመችህን ቁመትና ስፋት እወቅ፤ ስክሪን ከገዛህ በኋላ ይህን ማስተካከል አይቻልም። ግድግዳው ደህና መሆኑን ለማወቅ ማታ መብራት አጥፋና የእጅ ባትሪ በጎን አስጠግተህ አብራበት፣ እብጠቱና ጭረቱ ሁሉ ጥላ ይጥላል። የሚያብለጨልጭ ቀለም ከሆነ የማያብለጨልጭ ንጹህ ነጭ ቀባው። ክሬም ቀለም የምስሉን ቀለም ይለውጥብሃል።

ስክሪን ስትፈልግ ከርካሽ ተጎታች ይልቅ ፍሬም ላይ የተወጠረ ይሻላል። ተጎታቹ ጥቂት ወራት ሲቆይ ጠርዙ ይታጠፋል፣ መሃሉ ይሞገዳል፣ ካሜራው ወደ ጎን ሲሄድ ያ ሞገድ ፊልሙ ውስጥ ይታያል። አናጺ ካወቅክ የእንጨት ፍሬም አሠራና ብርሃን የማያሳልፍ ነጭ የመጋረጃ ገበር ወጥርበት። ከአራቱም ጎን መሃል ጀምረህ ወደ ማዕዘኖቹ እየሳብክ በስቴፕለር ምታው፤ ከማዕዘን ከጀመርክ ይጨማደዳል። ዙሪያውን 8 ሴንቲ ሜትር ጥቁር ከፈይ ለጥፍበት፣ ከጠርዝ የሚያልፈውን ብርሃን ይውጠዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ቤት ነው የምውለው። አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ፕሮጀክተሮችን እየሸጠ ነው። 3,000 ሉመን ይላል። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ ሊጠቅምዎ ይችላል። የታወቀ አምራች የቢሮ ፕሮጀክተር ከሆነ አዲስ ሳለ 3,000 ሉመኑ እውነተኛ ነው፣ ለበጀት ከዚህ የተሻለ ዕድል ብዙ የለም። ሳይከፍሉ በፊት ግን አስበርተው ይዩት።

መጀመሪያ ሜኑው ውስጥ የአምፖሉ ሰዓት ይፈለግ። የተለመደ አምፖል ከ3,000 እስከ 5,000 ሰዓት ያገለግላል፤ ያ ማለት ደግሞ ብርሃኑ በግማሽ እስኪቀንስ ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ቢያዩ 4,000 ሰዓት አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ይሆናል። ሰዓቱ ከበዛ አዲስ አምፖል ዛሬም እንደሚገኝና ስንት እንደሆነ ሳያጣሩ አይግዙ፤ ሰዓቱ አዲስ አምፖል ሳይገባም ወደ ዜሮ መመለስ ስለሚችል የብርሃኑን ድካም በዓይንዎም ይመዝኑ። ከዚያ ሙሉ ነጭ ምስል ያሳዩዎት። ኤልሲዲና ዲኤልፒ የሚባሉ ሁለት የፕሮጀክተር ዓይነቶች አሉ፤ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ኤልሲዲ ከሆነ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይፈልጉ። ዲኤልፒ ከሆነ ደግሞ ጥቁር ምስል ላይ የሚያበሩ ነጫጭ ነጥቦችን ይፈልጉ፤ ጥቂት ከታዩ እየበዙ ነው የሚሄዱት። ዲኤልፒ ላይ አንዳንድ ሰው ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ ቀስተ ደመና መሰል ብልጭታ ያያል፤ እርስዎ ያዩ እንደሆነ እዚያው ይሞክሩት።

የቢሮ ፕሮጀክተሮች ብዙዎቹ 1024 በ768 ናቸው። ሰፊ ፊልም ሲከፈትባቸው 1024 በ576 ብቻ ይጠቀማሉ፣ ከላይና ከታች ጥቁር ይቀራል። ምርጫ ካለ 1280 በ800 የሆነውን ይውሰዱ። የኤችዲኤምአይ መግቢያ መኖሩንም ይዩ።

ጥያቄ፦ ፕሮጀክተሩ ውስጥ ስፒከር አለ። በብሉቱዝ ሌላ ባገናኝስ?

መልስ፦ ውስጡ ያለው ትንሽ ነው፣ ድምፁም ከጀርባህ ይመጣል። ሌላ ስፒከር አገናኝ፣ ግን በኬብል ይሁን። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገያል፤ ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው ንግግሩ የሚሰማህ። ስፒከሩን ከስክሪኑ ሥር አስቀምጥ፣ ኬብሉን በግድግዳው ጥግ አሳልፍና ከመግዛትህ በፊት ርዝመቱን በሜትር ለካ፤ ከ3 ሜትር ክፍል ዙሪያውን ሲዞር 7 እና 8 ሜትር ይጠይቃል።