ሁለቱም አሽከርካሪዎች «አረንጓዴ በርቶልኝ ነበር» ሲሉ

ጠያቂያችን፣ ቀይ መብራት ጥሶ የገጨዎት አሽከርካሪ «አረንጓዴ በርቶልኝ ነበር» ብሎ ስለካደ፣ ካሳ መጠየቅ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ለደረሰብዎት ጉዳት ከልብ አዝናለሁ። የእሱ ክህደት ብቻውን መብትዎን አያስቀርም፤ ክርክሩን የሚወስነው ማስረጃ ሲሆን፣ ከሁሉም ቶሎ የሚጠፋው ደግሞ የካሜራ ምስል ነው። በአካባቢው ያሉ የደኅንነት ካሜራዎች አሮጌውን ቀረጻ በአዲስ የሚተኩት ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ስለሆነ፣ ምስሉ ተጠብቆ እንዲቆይ ለባለቤቶቹ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያመልክቱ።

ከአደጋው በፊት መብራቱን ያየ፣ ከሁለታችሁም ጋር ዝምድና የሌለው አንድ ምስክር፣ በእኔ ግምት፣ ከብዙ የቤተሰብ ቃል ይበልጣል። መብራቶቹ የሚፈራረቁበት ቅደም ተከተልም ትልቅ ዋጋ አለው፤ ተሻጋሪ መንገዶች በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ስለማይበራላቸው፣ ምስክሩ ያየው የእናንተን ሳይሆን የእግረኞችን መብራት ቢሆን እንኳ፣ ቀይ የበራው ለማን እንደነበር ከዚያ ተነሥቶ ማስረዳት ይቻላል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የሕክምና ማስረጃ አይለዩዎት።

አደራ የምለው ግን፣ የጉዳትዎ መጠን በሐኪም ሳይታወቅ ከኢንሹራንስ ድርጅቱ ጋር የመጨረሻ ስምምነት እንዳይፈርሙ ነው፤ ፊርማው አብዛኛውን ጊዜ የወደፊት ጥያቄን ይዘጋል። የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ ለማቅረብ ሕግ የሚፈቅደው የጊዜ ገደብ፣ እንዳያልፍብዎትም ጠበቃ በቶሎ ያማክሩ።