«ከዳ»፣ «ካደ» ወይስ «ለቀቀ»?

ጥያቄ፦ የአካባቢያችን ተወላጆች በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የልማት ማኅበር ለ9 ዓመታት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። ባለፈው ዓመት በአሠራሩ ስላልተስማማሁ ማኅተሙንና መዝገቡን በፊርማ አስረክቤ፣ ምክንያቴንም በደብዳቤ ገልጬ ወጣሁ። በኋላ ቃለ ጉባኤውን ሳየው «የቀድሞው ጸሐፊ ማኅበሩን ከድተው ስለ ሄዱ በምትካቸው ሌላ ሰው ተመርጧል» ይላል። በስብሰባው ላይ «ባንዳ» ያለኝ ሰው እንደ ነበረም ሰምቻለሁ። ለመሆኑ «ከዳ» ለእኔ አወጣጥ ይስማማል? ከ«ካደ» እና ከ«ኮበለለ»ስ በምን ይለያል?

መልስ፦ አይስማማም። «ከዳ» ለመባል መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ የተከዳው ወገን በሄደው ላይ ተማምኖ የቆመ፣ ሳይዘጋጅም ባዶ እጁን የቀረ መሆን አለበት። አዛውንት ዳገት መሐል ቆመው በምርኩዛቸው እየተደገፉ «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲሉ እንሰማለን፤ ጉልበት አስቀድሞ የስንብት ደብዳቤ አይጽፍምና አባባላቸው ትክክል ነው። እርስዎ ግን ጽፈዋል፣ ማኅተሙንም አስረክበዋል።

«ካደ» ከዚህ የተለየ ነው። የግእዙ «ክሕደ» መካከለኛ ፊደሉ በአማርኛ አነጋገር ተውጦ የቀረ ሲሆን፣ ዋና ፍቺው የሚያውቁትን «አላውቅም»፣ የሆነውን «አልሆነም» ማለት ነው። ስለዚህ የካደ ሰው የትም መሄድ አያስፈልገውም፤ ብድሩን የካደ ተበዳሪ ከአበዳሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ሊሆን ይችላል። ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ «ሰውየውን አላውቀውም» ያለው ጴጥሮስ ካደ እንላለን፤ ከአንድ ማዕድ በልቶ ጌታውን በ30 ብር የሸጠው ይሁዳ ግን በዚህ ቃል ብቻ አይታለፍም፣ «አሳልፎ ሰጠ» ይባላል። ሁለቱን ግሦች ያደባለቀብን በይበልጥ «ክህደት» የሚለው ስም ይመስለኛል። በትውልዱ የ«ካደ» ወገን ሆኖ ሳለ «የአገር ክህደት» ስንል የምናስበው አገር የከዳን ሰው ነው፤ «ከሃዲ» እና «ከዳተኛ» ደግሞ ዛሬ በብዙ ሰው አፍ እንደ አንድ ቃል ይሠራሉ።

«ኮበለለ» የቤት ቃል ነው። ልጅ ወላጆቹ ሳያውቁ፣ ሎሌ ከጌታው ተሰውሮ ሲጠፋ ኮበለለ ይባላል፤ በመሆኑም ቃሉ ሄያጁን ከበላዩ አሳዳሪ እንዳለው ታናሽ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በደርግ ዘመን ለሥራ ውጭ ተልከው በዚያው ስለ ቀሩ ባለሥልጣናት ሲነገር የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኮሎኔል ጎሹ ወልዴ በ1979 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ኒው ዮርክ እንዳሉ ሥልጣናቸውን መልቀቃቸውን በይፋ አስታወቁ። በአደባባይ ተናግሮ የወጣን ሰው «ኮበለለ» ማለት ለእኔ አይጥመኝም፤ ተሰውሮ መጥፋት የለበትምና። ሲጠብቃቸው የነበረው መንግሥት ወገን ግን ሌላ ቃል ቢመርጥ አይገርምም።

«ሸፈተ»ም የመሄድ ቃል ነው፤ ነገር ግን ሸፋች ጌታውን እንጂ አገሩን አይተውም። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሳ ኃይሉ ቋራ በረሃ በወረዱ ጊዜ ሸፈቱ ተባለ እንጂ ኮበለሉ አልተባለም። እግሩ ሳይነሣ ሐሳቡ አስቀድሞ ለሄደ ሰው «ልቡ ሸፍቷል» የምንለውም ከዚህ ተነሥተን ነው። ደብዳቤዎን ከመጻፍዎ ከወራት በፊት የእርስዎም ልብ ሳይሸፍት አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ይህ ግን በቃለ ጉባኤ አይሰፍርም።

ወደ ስድቡ ስንመጣ፣ «ባንዳ» ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ ቡድን ወይም ጭፍራ ማለት ነው። ጣልያኖች ከአገሬው ሰው መልምለው ላሰለፉት መደበኛ ያልሆነ ጦር ሰጡት፤ በእኛ ዘንድ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ለጠላት ያደረ ሰው መጠሪያ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫም ሄዶ ነበር። በየካቲት 1888 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ጦርነት ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከጣልያን ጋር ተሰልፈው የነበሩት ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ጭፍሮቻቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ወገን ተሻገሩ። ለጣልያኖች ይህ የለየለት ክዳት ነበር፤ እኛ «ወደ ወገናቸው ተመለሱ» እንላለን። በአንጻሩ በ1928 ዓ.ም. ለጣልያን የገቡትን ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣን ከ«ከዳ» በለዘበ ግሥ የሚያነሣቸው እምብዛም የለም። ይህን ያህል ደም የተቋጠረበትን ስም ስለ ማኅበር አሠራር በተነሣ አለመግባባት ላይ ማውጣት፣ ተናጋሪው የቃሉን ክብደት አለመመዘኑን ያሳያል።

ቀጣዩ ስብሰባ የቀድሞውን ቃለ ጉባኤ ሲያነብ «ማኅበሩን ከድተው ስለ ሄዱ» የሚለው «በደብዳቤ አስታውቀው ራሳቸውን ስላገለሉ» ተብሎ እንዲታረም በጽሑፍ ይጠይቁ። «ለቀቁ» ቢሉም ያስኬዳል። ለማለዘብ ብለው «ተለዩን» እንዳይሉ ብቻ ያሳስቧቸው፤ ቃለ ጉባኤውን በኋላ የሚያነብ ሰው ነፍስ ይማር ሊልዎት ይችላል።