ፋክተር ቆጠራ ላይ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

ጋሼ፦ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ጥያቄ እየጎረፈብኝ ስለሆነ ሁሉንም እዚሁ አምጡት። ፋክተር ማለት ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ነው፣ ፕራይም ደግሞ ሁለት ፋክተር ብቻ ያለው፣ 1ና ራሱ። አንድ ነገር ብቻ፣ ቁጥሩን እስከ ፕራይም ድረስ ሳትበትኑ መቁጠር አትጀምሩ።

ሰላም፦ ጋሼ ፋክተር ስንቆጥር ፓወሮቹ ላይ (2^3 ላይ እንዳለው 3) 1 እየደመርን የምናባዛው ለምንድነው? እኛ ዝም ብለን ነው የሸመደድነው።

ጋሼ፦ ተባረኪ፣ ይሄን የሚጠይቅ ጠፍቶ ነበር። 360ን እንውሰድ፣ ሲበተን 2^3 × 3^2 × 5 ነው። አሁን የ360ን አንድ ፋክተር ራስሽ ስሪ ብልሽ፣ ከሦስቱ 2ቶች፣ ከሁለቱ 3ቶችና ከአንዷ 5 እየመረጥሽ ታባዣለሽ፣ ሌላ መንገድ የለም። ከ2ቶቹ አንድ፣ ሁለት ወይ ሦስቱንም መውሰድ ትችያለሽ፣ ምንም አለመውሰድም ትችያለሽ፣ ስለዚህ ምርጫሽ 3 ሳይሆን 4 ነው። ያቺ የምትደመረው 1 «ምንም አልወሰድኩም» ናት። ከ3ቶቹ 3 ምርጫ፣ ከ5 ደግሞ 2፣ በድምሩ 4 × 3 × 2 = 24 ፋክተር። ሁለት 2ና አንድ 3 ወስደሽ 5ን ብትተያት 12 ወጣ፣ ሁሉንም ብትተዪ 1፣ ሁሉንም ብትወስጂ ራሱ 360። አንድ ፋክተር በሁለት የተለያየ ምርጫ አይመጣም፣ ማባዛቱ የሚሰራው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

አቡሽ፦ እኔ 360ን 6^2 × 10 ብዬ በተንኩት፣ 3 × 2 = 6 ነው የሚመጣልኝ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጋሼ፦ 6 ፕራይም ነው? 10ስ? ከላይ ምን አልኩ።

ቤቢ፦ ፋክተር እንዴት ነው የሚሰራው?

ጋሼ፦ የቱ ፋክተር? ቁጥር ይዘሽ ነይ።

ማሜ፦ ከ720 ፋክተሮች ውስጥ ለ12 የሚካፈሉት ስንት ናቸው? 30ውንም ዘርዝሬ ነው የቆጠርኩት እጄ እስኪዝል።

ጋሼ፦ 720 = 2^4 × 3^2 × 5። ለ12 የሚካፈል ማለት ቢያንስ ሁለት 2ና አንድ 3 በግድ ይዟል ማለት ነው። እንግዲህ የ2 ፓወር 2፣ 3 ወይ 4 ነው፣ 3 ምርጫ። የ3 ፓወር 1 ወይ 2፣ የ5 ደግሞ 0 ወይ 1። 3 × 2 × 2 = 12። አቋራጭ ከፈለግሽ 720ን ለ12 አካፍለሽ የ60ን ፋክተሮች ቁጠሪ፣ ያው 12 ነው። «ለ12 ይካፈላል ለ9 ግን አይካፈልም» ከተባልሽ የ3 ፓወር 1 ብቻ ይሆናል፣ 3 × 1 × 2 = 6። ሰው የሚወድቀው «ለ12 የማይካፈሉ» ሲባል ነው፣ ሁለቱንም ሁኔታ ገልብጦ ያባዛል። አይሆንም! ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ እኮ በቂ ነው። ከጠቅላላው ቀንሺ፣ 30 − 12 = 18።

ማሜ፦ ፐርፌክት ስኩዌር (እንደ 9 = 3 × 3፣ ሙሉ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚመጣ) የሆኑትስ?

ጋሼ፦ ተጋማሽ ፓወር ብቻ ውሰጂ፣ 0ንም ጨምሮ። 3 × 2 × 1 = 6።

ዳኒ፦ ሁላችሁም 1ን ረስታችኋል፣ 1ም እኮ ፕራይም ነው ለ1ና ለራሱ ብቻ ነው የሚካፈለው

ሰላም፦ አይደለም፣ ሁለት የተለያዩ ፋክተሮች ሊኖሩት ይገባል።

ዳኒ፦ ማን ወሰነው? የሒሳብ ሊቁ ጎልድባክ ራሱ በ1742 እ.ኤ.አ. ለሌላው ሊቅ ለኦይለር ሲጽፍ 1ን ከፕራይም ቆጥሮታል

ሰላም፦ ታዲያ እሱ ቆጠረ ተብሎ እኛም እንቁጠር?

ጋሼ፦ ከርዕስ አትውጡ። ዳኒ፣ ስለ ጎልድባክ ያልከው ልክ ነው፣ ግን 1ን ካስገባህልኝ እኔም 6 = 1^100 × 2 × 3 ነው ብዬ 101 × 2 × 2 = 404 ፋክተር አለው እልሃለሁ። 6 ደግሞ ያለው አራት ነው። አለቀ።

ሚኪ፦ ይሄን በፓይተን እንዴት ልጻፈው ጋሼ?

ጋሼ፦ ኮድ አልችልም፣ የሚያውቅ ይመልስልህ።

ኪያ፦ n 6 ፋክተር ካለው 2n ስንት ይኖረዋል? እኔ 12 ብያለሁ፣ መልሱ ላይ ግን «መወሰን አይቻልም» ይላል።

ዳኒ፦ 12 ነው፣ በ2 ስታባዥ ፋክተሩም እጥፍ ይሆናል

ሰላም፦ n 12 ቢሆንስ? 24 ያለው 8 ነው።

ጋሼ፦ ሰላም ይዛዋለች። የኪያ ጥያቄ የምወደው ዓይነት ነው። 6 ፋክተር የሚመጣው በሁለት መንገድ ብቻ ነው፣ ወይ አንድ ፕራይም ፓወር 5፣ ወይ የአንዱ ፕራይም ስኩዌር ሲባዛ በሌላ ፕራይም። አሁን «n ውስጥ 2 አለ ወይ፣ ካለስ ስንት?» ብለሽ ጠይቂ። 2 ከሌለ፣ ለምሳሌ 45፣ አዲስ ፕራይም ስለገባ እጥፍ ሆኖ 12 ይሆናል፣ የዳኒ መልስ የሚሰራው እዚህ ጋ ብቻ ነው። አንድ 2 ካለ፣ እንደ 18፣ 36 ሆኖ 9። ሁለት ካሉ፣ እንደ 12፣ 24 ሆኖ 8። n ራሱ 32 ከሆነ ደግሞ 64 ሆኖ 7። አራት የተለያየ መልስ! ጥያቄው ላይ «n ኢተጋማሽ ነው» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር ግን 12 ብቻ ይቀራል። እንደዚህ ዓይነቷን ቃል ዘላችሁ ነው የምትወድቁት።

ዳኒ፦ እሺ ተሸነፍኩ

ቤቢ፦ ጋሼ ኔጌቲቭ ፋክተርስ ይቆጠራል?

ጋሼ፦ ካልተባልሽ አትቁጠሪ። ከተባልሽ በ2 አባዢው።

አቡሽ፦ ጋሼ አሁን ገባኝ! 100 = 10^2 ነው፣ ስለዚህ 2 + 1 = 3 ፋክተር አለው አይደል?

ጋሼ፦ አቡሽ።