የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዴይኬር ድጎማ የሚሰናከለው የት ላይ ነው?

ከአሜሪካ የተለያዩ ስቴቶች ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በአፕ ሰው እያመላለሰ ይሠራል፤ እኔ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ለሁለት ልጆቻችን የዴይኬር ድጎማ ብንጠይቅ «ገቢያችሁ ከወሰኑ በላይ ነው» ተባልን። የቤት ኪራይ እንኳ በጭንቅ እየከፈልን ይህ እንዴት ይሆናል? — እናት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ ይህ በሹፌር ቤተሰቦች ላይ ተደጋግሞ የሚደርስ ነገር ነው፤ ስህተቱም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ወረቀት ነው። የአፕ ድርጅቱ ዓመቱ ሲያልቅ የላከላችሁን 1099-ኬ የሚባል የታክስ ቅጽ አውጥተው ይመልከቱ። እዚያ ላይ ያለው ቁጥር ተሳፋሪዎች የከፈሉት ጠቅላላ ሒሳብ ነው፤ ድርጅቱ የቆረጠው ኮሚሽን ጭምር አብሮ ተደምሯል። ለምሳሌ ወረቀቱ 62,000 ዶላር ይበል። ከዚያ 17,000 ኮሚሽንና ልዩ ልዩ ክፍያ፣ 9,000 ነዳጅ፣ 6,000 ኢንሹራንስና ጥገና ሲቀነስ እጃችሁ የገባው 30,000 ነው። ማመልከቻችሁን የሚያየው ሠራተኛ (ኬዝ ወርከር) 62,000ውን ከእርስዎ ደመወዝ ጋር ከደመረው ግን ወሰኑን ማለፋችሁ አይቀርም።

በውሳኔው ደብዳቤ ላይ የይግባኝ ቀነ ገደብ ተጽፏል፤ እሱ ሳያልፍ ይግባኝ ይበሉ። የታክስ ማመልከቻችሁን በግሉ የሚሠራ ሰው ገቢና ወጪውን ከሚያሳይበት ቅጽ፣ ከስኬጁል ሲ ጋር፣ የአፑን ዓመታዊ የታክስ ማጠቃለያ፣ የቅርብ ወራት ሳምንታዊ ክፍያዎችንና የወጪ ደረሰኞችን አያይዙ። ደረሰኝ የምንለው በምክንያት ነው፤ ለታክስ የሚሠራውን የማይል ተቀናሽ (በተነዳው ማይል ልክ የሚሰላውን ወጪ) የማይቀበሉና የወጣውን ትክክለኛ ወጪ ብቻ የሚይዙ ፕሮግራሞች አሉ።

በሌላ በኩል ወጪን ማብዛትም ያስጎዳል። አንዳንድ ስቴቶች በግሉ የሚሠራን ሰው የሥራ ሰዓት የሚገምቱት የተጣራ ገቢውን ለዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ አካፍለው ነው። በወረቀት ላይ ገቢው ሲያንስ የሚፈቀደው የዴይኬር ሰዓትም አብሮ ያንሳል።

የእናንተ ፈረቃም መታሰብ አለበት። ሁለት ወላጆች ባሉበት ቤት ድጎማው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ የሆኑበትን ሰዓት ነው። ከሌሊት ሥራ በኋላ ያለውን የእንቅልፍ ሰዓት የሚቆጥሩ ስቴቶች ስላሉ በግልጽ ይጠይቁ። ከአሠሪዎ የሚያመጡት ደብዳቤም የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ሰዓት ይጥቀስ፤ «በሳምንት 40 ሰዓት ትሠራለች» የሚል ብቻ ከሆነ አይበቃም።

አንዴ ከጸደቀላችሁ በ2014 የታደሰው የፌዴራል ሕግ ቢያንስ ለ12 ወር ይጠብቃችኋል። በመሃል ደመወዝ ቢጨመር እንኳ ገቢያችሁ ከስቴቱ መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ 85 በመቶ እስካላለፈ ድረስ አይቋረጥባችሁም። ሥራ ብታጡም ሌላ እስክትፈልጉ ቢያንስ 3 ወር ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ አመልክቼ ተራ ጠብቁ ተባልኩ። መብቴ አይደለም ወይ? ልጄ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። — አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ በሚያሳዝን ሁኔታ ይህ ድጎማ እንደ ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጋፍ) አይደለም። ለፉድ ስታምፕ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኛል፤ የዴይኬር ድጎማ ግን የተመደበው ገንዘብ ሲያልቅ ይቆማል። ሜሪላንድ ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ ምዝገባ አቁሞ አመልካቾችን ወደ ተራ መጠበቂያ ያስገባው ለዚህ ነው። ስምዎን ከዝርዝሩ አያውጡ፤ አድራሻና ስልክ ሲቀይሩ ወዲያው ያሳውቁ። ተራው ደርሶ ደብዳቤው አሮጌ አድራሻ ላይ ከቀረ ዕድሉ ያመልጣል።

የአራት ዓመት ልጅ ግን ሌላ በር አለው፤ እኛ ብንሆን መጀመሪያ የምናንኳኳው እሱን ነው። በሜሪላንድ የሕዝብ ፕሪ-ኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለ የትምህርት ዓመት) ቅድሚያ የሚሰጠው ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 300 በመቶ ለማያልፍ ቤተሰቦች ነው፤ ባጀቱም ከዴይኬር ድጎማው የተለየ ነው። ሄድ ስታርት የሚባለው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች የተዘጋጀ ነፃ የቅድመ ትምህርት ፕሮግራም ደግሞ በ1965 ከተጀመረበት ጊዜ አንስቶ የፌዴራል ገንዘቡን በስቴቱ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለአካባቢ ድርጅቶች ይሰጣል። ስለዚህ የስቴቱ ተራ እዚያ አይያዝም፤ ፉድ ስታምፕ የሚያገኝ ቤተሰብም በዚያው ብቻ በገቢ ብቁ ይሆናል።

ሌላ ስቴት ላላችሁም እንጠቁም። ጆርጂያ በሎተሪ ገቢ የምታስተምረው ፕሪ-ኬ እስከ ሴፕቴምበር 1 አራት ዓመት የሞላውን ልጅ የወላጁን ገቢ ሳይጠይቅ ይቀበላል፤ በቀን 6 ሰዓት ተኩል፣ በዓመት 180 ቀን። ቴክሳስ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይናገርና የማይረዳ የአራት ዓመት ልጅ በዚሁ ምክንያት ብቻ ነፃ ፕሪ-ኬ ይገባዋል። እዚያ ያላችሁ ወላጆች፣ የቤት ቋንቋ ሲሞላ «አማርኛ» ለማለት አትፍሩ፤ ልጁን የሚያስገባው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ልጆቼን ስትጠብቅ ስቴቱ ሊከፍላት ይችላል?

መልስ፦ በጉብኝት ቪዛ ከመጡ አይቻልም፤ በክፍያ መሥራት ቪዛቸውን ያበላሻል፣ ከፋዩ መንግሥት ቢሆንም። ግሪን ካርድ ካላቸው በብዙ ስቴቶች አያት እንደ ዘመድ ተንከባካቢ ተመዝግባ ሊከፈላት ይችላል። ብዙ ጊዜ የጣት አሻራና የወንጀል ሪከርድ ምርመራ ይጠየቃል፤ ክፍያውም ፈቃድ ካለው ዴይኬር ያነሰ ነው። ገቢ ስለሆነ ታክስ ላይ ይገባል።

ጥያቄ፦ በቤቴ ዴይኬር ከፍቻለሁ። ድጎማ ያለው ልጅ ተቀብዬ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አልተከፈለኝም።

መልስ፦ የቫውቸሩን፣ ማለትም ስቴቱ ለልጁ እንደሚከፍል የሚያረጋግጠውን ወረቀት፣ መጀመሪያ ቀን ይመልከቱ። ልጁ ከዚያ ቀን በፊት ከገባ፣ ያለፈውን ጊዜ ስቴቱ ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ስለዚህ ወላጅ «ጸድቆልኛል» ሲል ደስታውን ይካፈሉ፣ ልጁን ግን የእርስዎ ስም፣ የልጁ ስም፣ ሰዓቱና ቀኑ ያለበት ወረቀት እጅዎ ሳይገባ አያስጀምሩ። የእርስዎ ዋጋ ስቴቱ ከሚከፍለው በልጦ ልዩነቱን ወላጅ የሚከፍል ከሆነ፣ ከኮፔዩ (ስቴቱ ወላጁ እንዲከፍል ከወሰነው ድርሻ) ለይተው በውል ላይ ያስፍሩት።

የመፈራረሚያ ወረቀቱንም ይጠንቀቁ። ወሩን ሙሉ 8:00 ገባ፣ 5:00 ወጣ እያለ በአንድ እስክሪብቶ በአንድ ቀን የተሞላ ወረቀት ኦዲተር ሲያየው ያስታውቃል፤ የተከፈለውንም ያስመልሳል። ወላጁ በየዕለቱ 7:52፣ 8:06 ብሎ በራሱ እጅ ይጻፍ።

የምግብ ፕሮግራሙን ካላወቁትም ይመዝገቡ። የፌዴራሉ የሕፃናት ምግብ ድጋፍ ለቤት ዴይኬር በቀን ለአንድ ልጅ እስከ ሁለት ምግብና አንድ መክሰስ ይከፍላል፤ የሚመዘገቡት በአካባቢዎ ባለ ስፖንሰር ድርጅት በኩል ነው። ልጁ ድጎማ ኖረውም አልኖረውም ይቆጠራል።